«እንደ ፎቶው ሥሪልኝ»፦ ጎንደር ያለች የአንዲት ቦርሳ መሥሪያ የጉዳይ ጥናት

ጎንደር ውስጥ በትዕዛዝ ብቻ የምትሠራ አንዲት የቆዳ ቦርሳ መሥሪያ አለች። ከፒያሳ ብዙም አትርቅም። አንድ ክፍልና ጠባብ በረንዳ ናት። የሚሠሩባት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቷ፣ ስፌት ላይ የምታግዛት አንዲት ወጣትና ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንድ አዛውንት። ጋሼ ዕድሜያቸውን ኮርቻና የመጽሐፍ ማኅደር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔም አልጽፍም።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ የአነስተኛ ንግዶችን መዝገብ እይዛለሁ። ባለቤቷ ወደ እኔ የመጣችው ጥያቄ ይዛ ነው። «ሥራ ሞልቶኛል። ሌሊት ሁሉ እሰፋለሁ። ኪራይ ሲደርስ ግን እበደራለሁ። ብሩ የት ነው የሚገባው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ የሚገመተው ዋጋ አንሷል የሚለው ነው። እውነትም አንሶ ነበር። ዋጋውን ብቻ ብትጨምር ግን ችግሩ አይለቃትም ነበር። ትልቁ ጣጣ ያለው ወስፌው ቆዳውን ከመንካቱ በፊት፣ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ በሚወራበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆዳው

ቆዳውን ሳያውቁ ሒሳቡ አይገባም፤ ስለዚህ ትንሽ ላውራበት።

የምትሠራበት ቆዳ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ በአብዛኛው ከመርካቶ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፤ የሚያናድድም። ፋሲካ ባለፈ ማግስት በየሰፈሩ የበግና የፍየል ቆዳ ተጥሎ ይሸታል። ድሮ ቆዳ ገዢው ራሱ በየበሩ ይዞር ነበር። የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ግን የሚጠይቀው ጠፋ። «ታዲያ ለምን ይኼን አንስተሽ አትሠሪበትም?» የሚላት ሰው ብዙ ነው። ጥሬ ቆዳ በጨው ተይዞ፣ በኖራ ጸጉሩ ተነቅሎ፣ ለፍቶ፣ ቀለም ገብቶለት፣ ተወጥሮ እስኪደርቅ ድረስ ውኃ ይፈልጋል፣ ኬሚካል ይፈልጋል፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ይፈልጋል። በአንድ ክፍል የሚሞከር አይደለም። ጋሼ በልጅነታቸው በእጅ ሲለፋ አይተዋል። «ለኮርቻ ይሆናል። ለሴት ቦርሳ ግን ሽታው መች ይለቃል?» ይላሉ።

ሌላው ነገር ጉድለቱ ነው። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። ስሙን የሚያበላሹበት ደግሞ ከጸጉሩ ውስጥ የሚኖሩት ተባዮች ናቸው። እነሱ የሚያመጡት እከክ በጥሬው ብዙም አይታይም፤ ቆዳው ከለፋ በኋላ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። በየጓሮው ሲታረድ የሚቀረው የቢላ ጭረትም አለ። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ ቀዳዳውም አብሮ ተለክቶ ይሸጣል። አንድ የፍየል ቆዳ አምስት ስኩዌር ፊት ያህል ቢወጣው፣ ለቦርሳው የውጭ ገጽ የሚሆነው ከዚያ በጣም ያንሳል። የጀርባው በኩል ጠንካራ ነው። የሆዱ በኩል ይለጠጣል።

ጋሼ ቆዳ ሲመርጡ አይቸኩሉም። በረንዳው ላይ ብርሃን ፊት ይዘረጉታል፣ በአውራ ጣት ገፋ ያደርጉታል፣ አጥፈው ያዩታል። አንድ ቀን ወጣቷ መቁረጫውን ስታነሳ ያዟት። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሆዱ ነው። ማንገቻ ካወጣሽበት ቦርሳው በወሩ ጉልበት ይደርሳል።» ማንገቻው ከጀርባ ይወጣል። ሆዱ ለውስጥ ኪስ ይውላል። ፍርፋሪው የቁልፍ መያዣ ይሆናል።

ስፌቱ የእጅ ነው። በአንድ ክር ጫፍና ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል። ሁለቱም በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ። ክሩ በሰም የተቀባ ነው፤ የሚፈጀውም የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንዱ በኩል ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። የማሽን ስፌት አንድ ቦታ ከለቀቀ መተርተር ይጀምራል። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ይኼ ደግሞ እዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው የሚከፈለው በጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ወጣቷ ሥራውን ስትጀምር ቤተሰቦቿ አልወደዱላትም። «ፋቂ ልትሆኚ ነው?» ተብላለች። አፄ ምኒልክ ሙያተኛን በሙያው መሳደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። ዛሬ እናቷ የያዙት ቦርሳ እሷ የሰፋችው ነው፤ ለጎረቤትም ያሳያሉ።

ሁለት ትዕዛዞች

ነገሩን ያፈነዱት ሁለት ትዕዛዞች ናቸው። ሁለቱም የ2015 ዓ.ም. የበዓልና የሠርግ ወቅት ናቸው።

የመጀመሪያዋ ከውጭ አገር ለጥምቀት የምትመጣ ሴት ነበረች። የአንድ ታዋቂ የውጭ ቦርሳ ፎቶ በቴሌግራም ላከች። «እህቴ፣ እንደ ፎቶው ሥሪልኝ። ለጥምቀት ይድረስልኝ እንጂ ስለ ዋጋው አታስቢ።» ያገናኛቸው የጋራ ወዳጅ ስለሆነ ባለቤቷ ቀብድ መጠየቅ አፈረች። «እሺ፣ ችግር የለም» አለች።

ቆዳው ተገዛ፤ ፎቶው ተላከ። «ትንሽ ጠቆር አላለም?» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ቆዳ ከአዲስ አበባ ተጠየቀ። ቀጥሎ «ዘለበቱ ወርቃማ ነው ያልኩሽ መሰለኝ» መጣ። ቆዳው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ላፕቶፕ ይገባዋል አይደል?» መጣ። አይገባውም ነበር። ጎኖቹ እንደገና ተቆረጡ። ቦርሳው በከተራ ዕለት ደረሰ። ሴትየዋ አገላብጣ አየችውና «ቆንጆ ነው፤ ግን ያ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። ያ በፋብሪካ፣ በሌላ ዓይነት ቆዳ፣ በሌላ ብረት የተሠራ ነው። እንዴት ያን ሊሆን ይችላል? ከእሷ ይልቅ የገረመኝ በዚያ ሁሉ ልውውጥ ውስጥ አንድም የተጻፈ መጠን አለመኖሩ ነው። ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የማንገቻው ርዝመት አንዱም አልተጻፈም። ሁሉም ነገር ፎቶና «እሺ» ነበር። ቦርሳው ወራት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በስንት ልመና ከቆዳው ዋጋ ባነሰ ተሸጠ።

ሁለተኛው ሠርግ ነው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ለሚዜዎቹ ስማቸው የታተመበት የኪስ ቦርሳ አዘዘ። ስሞቹን በስልክ ነገራት። ከኋላው ሙዚቃ ይጮሃል፣ ሰው ይጣራል። «አለምነው» የተባለው «አለምነህ» ሆኖ ታተመ። ቆዳ ላይ የተመታ ስም ደግሞ አይጠፋም። በዚያ ላይ ሠርጉ ሲቃረብ አንዱ ሚዜ ቀርቶ ሌላ ተተካ። ስም ያለበትን ቦርሳ ለማን ትሸጠዋለህ? ቀሪው ብር ከሠርጉ በኋላ ሊከፈል ነበር ስምምነቱ። ሠርግ የደገሰ ቤት ከሠርጉ በኋላ ብር ሲጠየቅ ምን እንደሚል የደገሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ደብተሩ ያወጣው

ሒሳብ ከመሥራቴ በፊት አንድ ደብተር ግዙ አልኳቸው። ማን፣ ምን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጻፍበት። ስልክና ቴሌግራምም ሥራ ነው፤ ይጻፍ። ባለቤቷ ቶሎ ሰለቻት። ወጣቷ ግን በትጋት ያዘችው፤ የሁለቱንም ትጽፍ ጀመር።

የትከሻ ቦርሳው መቁረጥ፣ ጠርዝ ማሳሳት፣ መብሳት፣ መስፋትና ጠርዝ ማሳመር ተደምሮ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ያህል ይወስዳል። ይኼን ሁሉም ይገምት ነበር። ያልተገመተው ሌላው ነው። ጥሩ ባልተነገረ ትዕዛዝ ላይ ለወሬ፣ ለፎቶ፣ ለድጋሚ ቆረጣና ለመመላለስ የሚጠፋው ጊዜ ስፌቱን ሊያክል ምንም አይቀረው። ባለቤቷ ማታ ማታ ስልክ ላይ የምታጠፋው ሰዓት ሥራ አይመስላትም ነበር። ስለዚህ ዋጋ ውስጥ አልገባም።

የዋጋ ደንቧ «ቆዳውን በእጥፍ» የሚል ነበር። ብሩ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ቦርሳው 100 ብር ተሸጠ ብለን እናስላው። ቆዳው ከነብክነቱ 50 ይወስዳል። ዚፕ፣ ዘለበትና ገበር 14 ይበላሉ። ክር፣ ማስቲሽና የጠርዝ ቀለም 4 ይሆናል። ኪራይ፣ መብራትና ማጓጓዣ 10፣ የወጣቷና የጋሼ ድርሻ 16። ለባለቤቷ 6 ቀረ። ቆዳው አንዴ ከተቀየረ 6ቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ከኪሷ ትጨምራለች። የተበደረችው ለዚህ ነው።

የኪስ ቦርሳው ሒሳብ ሲሠራ ነገሩ ተገለበጠ። ትንሽ ቆዳ ነው የሚፈልገው፤ አብዛኛው ከትልቁ ቦርሳ ቅሪት ይወጣል። ቢበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነው። ደንበኛውም ብዙ አያወራበትም። እሷ ግን የኪስ ቦርሳን እንደ ማለማመጃ ነበር የምታየው፤ ለወጣቷ ትተወውና ራሷ ከትልቁ ጋር ትታገላለች። ቤቱን ያቆመው ትንሹ ነበር።

ወረቀቱ

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ የትዕዛዝ ወረቀት ተዘጋጀ። በመጀመሪያ «ማንኛውም ዓይነት ቦርሳ» የሚለው ተሰረዘ። አራት መሠረታዊ ቅርጽ ብቻ ቀረ፦ የትከሻ ቦርሳ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ የኪስ ቦርሳ እና የፓስፖርት መያዣ። ደንበኛው በእነዚህ ላይ ቀለም፣ ገበር፣ የኪስ ብዛትና ስም ይመርጣል። የታወቀ ብራንድ አስመስሎ መሥራት ቀረ። እኔ ይኼን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። የሰው ንድፍ መቅዳቱ ደስ አይልም፤ ደግሞም ደንበኛው ሁልጊዜ ከኦርጅናሉ ጋር እያስተያየ ይቀበልሻል።

መጠን የሚወሰደው ከሚገባው ዕቃ ነው። የባንክ ካርድ የትም አገር 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ነው። ፓስፖርት 125 በ88 ነው። እነዚህ አያከራክሩም። ላፕቶፕ ግን ራሱ ይምጣ። «15 ኢንች ነው» የሚባለው የስክሪኑ ልክ ነው፤ የአካሉ ወርድና ውፍረት በየዓይነቱ ይለያያል።

ለትልልቅ ቦርሳ ጋሼ ያመጡት ዘዴ ሠራ። ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ከካርቶን ቦርሳውን ቀዳደው በማስቲሽ ያያይዙታል፣ ገመድ ያስሩለታል። ደንበኛው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መስታወት ፊት ይቆማል። «አይ፣ ትንሽ ቢያጥር» የሚባለው ያኔ ነው። ካርቶን ርካሽ ነው። ከዚያ ይፈርማል፤ ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ ለውጥ የለም። ሩቅ ላለ ደንበኛ ካርቶኑ ከአንድ ሰው ጋር ፎቶ ተነስቶ ይላካል። ቀለሙ ደግሞ በረንዳው ላይ በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ወረቀት አጠገብ ተደርጎ ይነሳል። እንደዚያም ሆኖ ስልክ ላይ የሚታየው ከእውነተኛው ሊለይ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ገንዘቡ ግማሹ ቀብድ ነው። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ካልገባ ቆዳ አይገዛም። የቀኑ ቆጠራም የሚጀምረው ቀብድ ከገባበት ነው። ስም የሚታተምበት ዕቃ ሙሉ ክፍያ ይጠየቅበታል፤ ስሙንም ደንበኛው ራሱ ጽፎ ይሰጣል፣ በስልክ አይቀበሉም። ለጥምቀት የሚደርስ ትዕዛዝ ታኅሣሥ ሲጋመስ ይዘጋል።

ቀብዱ ነበር የከበደው። ሒሳቡን ስትቀበል ያልተከራከረችኝ ሴት እዚህ ላይ ቆመች። «አጎቴን ቀብድ አምጣ እላለሁ እንዴ? የክርስትና አባቴን?» አለችኝ። ልክ ነች፤ እዚህ አገር ታላቅን ሰው ፊት ለፊት ብር መጠየቅ ያሳፍራል። መፍትሔውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። «ድሮ ማኅደር የሚያሠሩት ቄስ ቆዳውን ራሳቸው ይዘው ነበር የሚመጡት። ቆዳ ሳይሰጥ ሥራ የሚያዝ ሰው አላውቅም። አንቺ ነሽ አዲስ ነገር ያመጣሽው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቀብድ «የቆዳ መግዣ» ሆነ። ወረቀቱን ለደንበኛ የምትሰጠውም ወጣቷ ናት። አጎትየው ሲመጡ ባለቤቷ ቡና ታቀርባለች፤ ወረቀቱን ደግሞ ወጣቷ ከነእስክሪብቶው። አጎትየው ትንሽ አጉረምርመው ከፈሉ።

ያልሰመረውና ከእጃቸው ውጪ የሆነው

የሄዱ ደንበኞች አሉ። «እንዲህ ካበዛሽማ ከገበያ እገዛለሁ» ያሉ አሉ። ይግዙ።

ድጉሱ፣ ማለትም ቆዳ ላይ በብረት ተመትቶ የሚታተመው ጌጥ፣ ግን አልሠራም፤ እሱ ይቆጫል። ጋሼ በጥንት የብራና መጻሕፍት ልባጥ ላይ የሚታየውን ዓይነት ድጉስ የሚመቱባቸው ብረቶች አሏቸው። የሚጠብቁት ሁሉም ቦርሳ ላይ እንዲሆን ነበር። ከገበያ የሚገኘው ቆዳ ግን አብዛኛው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይችላል፣ ምት ግን አይዝም። የተመታው ጌጥ ጥቂት ቆይቶ ይደበዝዛል። ለድጉስ የሚሆነው በተክል ቅርፊት የለፋው ነው። እሱ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ስለዚህ ድጉሱ ፓስፖርት መያዣ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ ደንበኛ በኪስ ቦርሳው ላይ መስቀል እንዲመታለት ጠይቆ ነበር። ጋሼ ብረቱን አስቀመጡት። «የኋላ ኪስህ ከተህ ልትቀመጥበት?» ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የክልሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቴሌግራም ደንበኛ ጠፋ። ወረቀቱ በሥራ ላይ ከዋለ ገና ወራት ነበር። መንገድ ሲዘጋ ቆዳም አይመጣም። ያኔ ቀለሙ ወደ ሁለት ወረደ፤ ጥቁርና ቡናማ። ሁለት ቀለም ከሆነ ትንሽ ክምችት መያዝ ይቻላል። ክምችቱ ደግሞ በክረምት ሻገተ፤ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ነበር። አሁን በአቡጀዲ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከግድግዳ ራቅ ብሎ። የከተማው ሰው ቀስ በቀስ የሩቁን ደንበኛ ተካ፤ የባንክ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን። እነሱ በእግራቸው መጥተው ካርቶኑን ይሞክራሉ። አከራካሪ ትዕዛዝም ቀነሰ።

ከዚያ የ2016 ሐምሌ መጣ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዚፕና ዘለበት ከውጭ ነው የሚገባው። አስቀድሞ ዋጋ የተቆረጠላቸው ቦርሳዎች ነበሩ፤ ቀብድ የከፈሉትን በተነገራቸው ዋጋ አስረከበች፣ ያልከፈሉትን እንደገና አነጋገረች። አሁን ወረቀቱ ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለአንድ ሳምንት ነው» የሚል መስመር አለ።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ የሚታደል ብዙ ቦርሳ ሊያዛት ፈልጎ ነበር። ክፍያው ዕቃው ገብቶ፣ ሰነዱ ተጣርቶ፣ ከዚያ ነው። ግማሹን በቅድሚያ ጠየቀች። «አሠራራችን አይፈቅድም» አሏት። ተወችው። ለእኔ ትክክል ነበረች። በዱቤ ያን ያህል ቆዳ መግዛት ማለት ያ 6 ብር እንኳ ሳይደርሳት የሌላውን ሥራ በገንዘቧ ማንቀሳቀስ ነው።

አሁን የሚያከራክረን የቆዳ ስፌት ማሽን ነው። ማንገቻና ገበር በማሽን ቢሰፋ፣ የሚታየው ስፌት በእጅ ቢቀር ትልቁ ቦርሳ ከሁለት ቀን በታች ይወርዳል። ግን ማሽኑ ውድ ነው፣ ዕቃ ለዋጭ ባለሙያም እንደልብ የለም፣ የመብራት መጥፋትም አለ። እኔ የኪስ ቦርሳው ሽያጭ የዚህን ዓመት የሠርግ ወቅት እንዴት እንደሚያልፍ ደብተሩ ላይ እንየው እላለሁ። ባለቤቷ በሁለት ልብ ናት። በእጅ ስፌት ያረጁት ጋሼ ግን፣ ሰው ሁሉ ይቃወማሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ «ግዢው» ይላሉ።